ከመቶ በላይ

ትምህርቴን ጨርሼ ጤና ላይ ስቀጠር ሰው የማክም መስሎኝ ነበር። የመጀመሪያ ሥራዬ ግን መቁጠር ሆነ። ጣና ዳር ካሉት ትናንሽ ከተሞች በአንዷ፣ በአንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ዋርካ ሥር ጠረጴዛ ተዘረጋልኝ። እጄ ላይ እስክሪብቶ፣ ፊቴ የታሊ ወረቀት። አራት ቁም ጭረት፣ አምስተኛው ተጋዳሚ፤ እንደገና አራት ቁም፣ አንድ ተጋዳሚ። እያንዳንዱ ጭረት የቢልሃርዚያ መድኃኒት የዋጠ አንድ ልጅ ነው።

መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ይባላል። ትልቅና መራራ ክኒን ነው፤ በባዶ ሆድ ሲዋጥ ያቅለሸልሻል፣ እናም ልጆቹ በልተው እንዲመጡ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ሲነገራቸው ነበር። ሚዛን አልነበረንም። ልጁን ግድግዳ ላይ ከተደገፈ ባለ መስመር ዘንግ አጠገብ ታቆመዋለህ፤ አናቱ የደረሰበት መስመር አንድ ተኩል፣ ሁለት ወይም ሦስት ክኒን እንደሚገባው ይነግርሃል። ቁመት የክብደት ምትክ ሆኖ ይሠራል ማለት ነው። ትንሽ ይሳሳታል፤ ግን ለሺህ ልጅ ይበቃል።

ከቀትር በኋላ አጥሩ ጋ አምስት ስድስት እረኞች ቆመው አየሁ። ዱላቸውን እንደያዙ፣ እግራቸው እስከ ጉልበት ጭቃ የነካው። አንዱ፣ ትንሽ ደፈር የሚለው፣ «ጋሼ፣ ለእኛስ የለም?» አለኝ። ስማቸው መዝገብ ላይ የለም፤ ትምህርት ቤት አልገቡም። ምን እንደምመልስ ሳስብ አጠገቤ የነበረችው መምህርት ቀደመችኝ፦ «ስጣቸው እንጂ! ውሃው ውስጥ ሲንቦጫረቁ የሚውሉት እነሱ አይደሉም እንዴ?» ሰጠናቸው። ወሬው ተሰማና ከጎረቤት ቀበሌም ልጆች መጡ፤ ለእነሱም ሰጠን። ጭረቱን ጨመርኩ።

ማታ ደመርኩት። እንግዲህ ሽፋን የሚባለው ነገር ቀላል ክፍልፋይ ነው፤ ላዕሉ መድኃኒት የዋጡት፣ ታህቱ መዋጥ የነበረባቸው። የእኔ ላዕል ከታህቱ በለጠ። ሽፋኑ ከመቶ በላይ ወጣ። በነጋታው ወረቀቱን የተቀበለኝ የበላዬ ሳቀ፦ «ወንድሜ፣ ከመቶ በላይ ብለን ብንልክ መሳቂያ ነው የምንሆነው። አስተካክለውና አምጣ።» አስተካከልኩት። ከመዝገቡ ውጭ የነበሩትን፣ ማለትም እረኞቹንና የጎረቤት ቀበሌ ልጆችን፣ ከድምሩ አወጣኋቸው። ሽፋኑ ከመቶ ትንሽ ዝቅ ብሎ አማረበት። አለቃዬም አመሰገነኝ።

ነገሩን ለብዙ ዓመታት ረስቼው ነበር። ያስታወሰኝ ስለ ግብፅ ያነበብኩት ታሪክ ነው። (ዓመታቱን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር እጽፋለሁ።)

*

ቢልሃርዚያ ስሙን ያገኘው ካይሮ ነው። በ1851 ቴዎዶር ቢልሃርዝ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ቀስር አል አይኒ ሆስፒታል ውስጥ አስከሬን ሲመረምር ትሉን በደም ሥር ውስጥ አገኘው። በሽታው ግን ከስሙ እጅግ ይቀድማል። በ1910 አርማንድ ሩፈር ከክርስቶስ ልደት በፊት 1200 ዓመት ገደማ በነበሩ የሁለት ሙሚያዎች ኩላሊት ውስጥ ወደ ድንጋይነት የተቀየሩ የትሉን እንቁላሎች አሳየ። በ1915 ደግሞ ሮበርት ሌይፐር ትሉ ከሰው ወደ ሰው የሚሻገረው በውሃ ውስጥ በሚኖር ቀንድ አውጣ በኩል መሆኑን እዚያው ግብፅ ውስጥ አረጋገጠ። ሰው እንቁላሉን ወደ ውሃ ይጥላል፤ ቀንድ አውጣው ያሳድገዋል፤ ውሃው ውስጥ የገባ ሌላ ሰው በቆዳው ይቀበለዋል።

መድኃኒት የተገኘው ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ነው። በ1918 ካርቱም ይሠራ የነበረው ሐኪም ክሪስቶፈርሰን ታርታር ኤሜቲክ የተባለ የአንቲሞኒ ጨው በደም ሥር ሲሰጥ ትሉን እንደሚገድል ጻፈ። መድኃኒቱ ክፉ ነው። ያስመልሳል፣ ያስላል፣ ልብን ይነካል፤ ሙሉ ሕክምናው ደግሞ ከ12 እስከ 16 መርፌ፣ በየሳምንቱ ነው። ቢሆንም ሌላ አማራጭ አልነበረም። አባይ በቦይ ተጠልፎ ዓመቱን ሙሉ እርሻ በሚያጠጣበት አገር ገበሬው ከውሃ ሊወጣ አይችልም። በሽታው የልጅም የአዋቂም፣ የታዋቂም ነበር። ዘፋኙ አብደል ሐሊም ሐፌዝ በልጅነቱ በገጠር የያዘው ቢልሃርዚያ ዕድሜውን ሙሉ አልለቀቀውም፤ ከጉበት ሕመም ጋር ሲታገል ኖሮ በ1977 ለንደን ውስጥ በ47 ዓመቱ አረፈ።

የግብፅ መንግሥት ከ1950ዎቹ ጀምሮ ይህን መርፌ ይዞ ወደ ገጠር ወረደ። ይህን ዘመቻ ዛሬ ላይ ሆኖ መኮነን ቀላል ነው፤ እኔ ግን አልኮንነውም። ነፃ ሕክምና ነበር፤ ከተማ አይቶ ለማያውቅ ገበሬ ሐኪም ደጁ ድረስ ሲመጣለት ማየት ትንሽ ነገር አይደለም። ከ1964 እስከ 1982 ባሉት ዓመታት ወደ 36 ሚሊዮን መርፌ ከ6 ሚሊዮን ለሚበልጡ ሰዎች እንደተሰጠ ይነገራል። በዘመኑ ከዚህ የሚስተካከል የጥገኛ ተውሳክ ሕክምና ዘመቻ ማግኘት ያስቸግራል።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ማካፈል አማረኝ፤ የቆጣሪ አመል ነው። 36 ሚሊዮንን ለ6 ሚሊዮን ብናካፍል በነፍስ ወከፍ 6 መርፌ ነው። ሙሉ ሕክምናው ግን ከ12 ያላነሰ ነበር። እንግዲህ በአማካይ ሲታይ ሰው ሕክምናውን ግማሽ መንገድ ላይ ነው የተወው። የሚያስመልስና የሚያንቀጠቅጥ መርፌ ስለሆነ አይገርምም። ትሉ ሙሉ በሙሉ አልሞተም፤ ሰውዬው ተመልሶ ውሃው ውስጥ ገባ፤ በሚቀጥለው ዓመት ተመልሶ መጣና እንደገና ተቆጠረ። «ስንት መርፌ ሰጠን?» ለሚለው ጥያቄ ቁጥሩ እጅግ ያኮራል። «ስንት ሰው ዳነ?» ለሚለው ግን መልስ የለውም።

በ1964 አንድ የውጭ ባለሙያ ከነዚህ የሕክምና ጣቢያዎች አንዱን ጎብኝቶ የታዘበውን በሪፖርት አስፍሯል። ሐኪሙ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከ20 መርፌ መውጋት ጀመረ፤ 4 ሰዓት ከ10 ላይ 504 ወንዶችን፣ ሴቶችንና ሕፃናትን ወግቶ ጨረሰ። መሐል ላይ ለ10 ደቂቃ አርፏል። ስለዚህ ለአንድ ሰው 5 ሰከንድ አልሞላም ማለት ነው። ጎብኚው ሐኪሙን ቀልጣፋ ብሎታል። በዚያው ገጽ ላይ ግን ሌላ ነገርም አለ፦ ሲሪንጁ የመስታወት ነው፤ ከአንዱ ክንድ ሲወጣ ትሪ ላይ ይቀመጣል፤ ነርሷ ታጥበዋለች፤ ለአንድ ለሁለት ደቂቃ ብቻ ይፈላል፤ ከዚያ ለሚቀጥለው ሰው ይሞላል።

ያ መስመር በጊዜው ማንንም አላስደነገጠም። 504 የሚለው ቁጥር ፊት ላይ ነበር፤ «አንድ ለሁለት ደቂቃ» የሚለው ግን የትኛውም ሰንጠረዥ ውስጥ ዓምድ አልተሠራለትም።

*

በ1980ዎቹ ፕራዚኳንቴል መጣ፤ በአፍ የሚዋጥ፣ በአንድ ቀን የሚያልቅ። መርፌው ቀረ። ቢልሃርዚያም በግብፅ እየቀነሰ ሄደ። ጉበት የሚታመመው ሰው ግን አልቀነሰም። እንዲያውም ጨመረ።

በ1989 ተመራማሪዎች እስከዚያ ድረስ ስም ያልነበረውን ሄፓታይተስ ሲ ቫይረስን ለዩት። የደም ምርመራ ሲገኝ ዓለም ሁሉ ሕዝቡን መርመር ጀመረ፤ ግብፅ ላይ የታየው ግን ሌላ አገር ላይ ያልታየ ነበር። በ2008 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 59 ከሆኑት ግብፃውያን 14.7 በመቶ የሚሆኑት በደማቸው ውስጥ የቫይረሱ ምልክት ተገኝቶባቸዋል። ከሰባት ሰው አንድ ማለት ነው። በዕድሜ ከገፉት ገበሬዎች መካከል ደግሞ ከዚህ እጅግ ይበልጥ ነበር።

ከየት መጣ? በ2000 ክርስቲና ፍራንክና ባልደረቦቿ፣ ግብፃዊው ሙስጠፋ መሐመድ ያለበት ቡድን፣ ላንሴት መጽሔት ላይ መልሱን አወጡ። የሠሩት ሥራ በቀላል አማርኛ ሲነገር እንዲህ ነው። የድሮዎቹን የመርፌ ዘመቻ መዝገቦች አወጡ፤ በየትኛው ክፍለ ሀገር፣ በየትኛው ዓመት፣ ስንት መርፌ እንደተሰጠ። ከዚያ ለእያንዳንዱ የዕድሜ ክልል «ይህ ትውልድ በዕድሜው ስንት መርፌ ሊያገኘው ይችል ነበር?» ብለው አሰሉ። ይህን ስሌት ከቫይረሱ ስርጭት ጎን አስቀመጡት። ሁለቱ ገጠሙ። መርፌው የበዛበት የአባይ ደለል ምድር ቫይረሱም በዛበት፤ በደቡብ፣ በላይኛው ግብፅ፣ መርፌውም ቫይረሱም አነሰ። ክኒኑ ከመጣ በኋላ ያደጉት ልጆች ላይ ደግሞ ቀነሰ።

ይህን ጽሑፍ ሳነብ አንድ ነገር ያዘኝ። የወንጀሉን ማስረጃ ያስቀመጠው ራሱ ዘመቻው ነው! (ወንጀል ስል አውቀው አደረጉት ማለቴ አይደለም፤ ቫይረሱ ሊታወቅ ሃያ ሠላሳ ዓመት ይቀረው ነበር።) እነዚያ በየክሊኒኩ ጥግ ተቀምጠው ጭረት ሲጭሩ የዋሉ ሰዎች የጻፉት ለምስጋና ነው፤ «ይህን ያህል ሠራን» ለማለት። ከአርባ ዓመት በኋላ ግን ጭረታቸው ምስክር ሆነ። ምስክር የሆነውም በታማኝነት ስለተጻፈ ነው። ከነርሱ አንዱ የጎረቤት መንደር ሰዎችን «አይመጥንም» ብሎ ከድምሩ ቢያወጣ፣ ሌላውም፣ ሌላውም፣ ስሌቱ ባልገጠመ ነበር።

ያኔ ነው የዋርካው ሥር ወረቀት ትዝ ያለኝ።

*

ከመቶ የሚበልጥ ሽፋን ስህተት ይመስላል። ነው እንጂ። ግን የማን ስህተት? አብዛኛውን ጊዜ የላዕሉ ሳይሆን የታህቱ ነው። ታህቱ ከየት ይመጣል? ከሕዝብ ቆጠራ። አገራችን በዘመናዊ መንገድ የተቆጠረችው ሦስት ጊዜ ነው፤ በ1984፣ በ1994 እና በ2007። አራተኛው በተደጋጋሚ ተራዝሟል። ስለዚህ በየዓመቱ የምንጠቀምበት ቁጥር የ2007ቱ በወሊድና በሞት ግምት እየተባዛ የመጣ ነው። አንድ ከተማ ፋብሪካ ሲከፈትበት፣ ሌላው ሲፈናቀል፣ ግምቱ አያውቅም። የተማሪ መዝገብ ብትጠቀም ደግሞ ትምህርት ቤት ያልገባው ልጅ ከነጭራሹ የለም። የዓለም ጤና ጉባኤ በ2001 ያስቀመጠው ግብ ለአደጋ ከተጋለጡት ለትምህርት የደረሱ ልጆች ቢያንስ 75 በመቶ የሚሆኑት መድኃኒት እንዲያገኙ ነው። «ለትምህርት የደረሱ» ነው የሚለው፤ «የተመዘገቡ» አይልም። በሁለቱ ቃላት መካከል ያለው ልዩነት አጥሩ ጋ ዱላ ይዞ የቆመው ልጅ ነው።

እናም ከመቶ በላይ የወጣው ቁጥሬ ስለ እኔ ስንፍና ሳይሆን ስለዚያ ልጅ እየተናገረ ነበር። «የማታውቁት ሰው አለ» እያለ ነበር። አፉን ዘጋሁት።

ላዕሉም ቢሆን ንጹሕ አይደለም። ክኒኑን የሰጠ ሰው «ሰጠሁ» ይላል፤ ልጁ ግን ጉንጩ ሥር ደብቆ ከግቢ ሲወጣ ሊተፋው ይችላል። በዚህ ምክንያት ነው ቁም ነገር ያላቸው ፕሮግራሞች ከዘመቻው በኋላ ቤት ለቤት እየዞሩ፣ ክኒኑን በእጃቸው እያሳዩ፣ «ይህን ዋጥክ ወይ?» ብለው የሚጠይቁት። በሪፖርት የመጣው ሽፋንና በቤት ለቤት ጥናት የተገኘው ሽፋን ብዙ ጊዜ አይገናኙም።

በሽታው ቀንሷል ወይ ብለን ስንለካም እንዲሁ ነው። የሰገራ ምርመራው ካቶ ካትዝ ይባላል። ማይክሮስኮፕ ሥር የሚታየው 41.7 ሚሊግራም ብቻ ነው፤ በግራም ስንት እንቁላል እንዳለ ለማወቅ ያየኸውን በ24 ታባዛለህ። አራት እንቁላል ካየህ 96 ነው፤ ልጁ «ቀላል ሕመም» ይባላል። አምስት ካየህ 120 ነው፤ «መካከለኛ»። ድንበሩ 100 ላይ ነው። በአንዲት እንቁላል ልዩነት ልጁ ከአንዱ ዓምድ ወደ ሌላው ይሻገራል። ጥቂት ትል ያለበት ልጅ ደግሞ ያን ቀን በዚያች ቁንጣሪ ውስጥ ምንም ላይታይ ይችላል፤ «ነፃ» ይባላል። ይህን የምጽፈው ምርመራው ከንቱ ነው ለማለት አይደለም፤ ርካሽና የትም የሚሠራ ስለሆነ ዓለም ሁሉ የሚጠቀምበት ነው። ግን ቁጥሩ ከየት እንደመጣ የማያውቅ ሰው ቁጥሩን ከሚገባው በላይ ያምነዋል።

*

በዚሁ በሽታ ላይ፣ መርፌው ግብፅን በሚያዳርስበት ዘመን፣ እኛ አገር ሌላ ዓይነት ቆጠራ ተካሂዷል። በ1964 አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ ወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ አየ፤ ከነርሱ በታች ባለው ውሃ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ተንሳፈው ነበር። ከዚያ የተከተለውን ብዙ ሰው ያውቀዋል፤ አክሊሉና ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀብለውበታል። ብዙ የማይነገረው የቁጥሩ ነገር ነው።

ከ1969 እስከ 1974 አድዋ ውስጥ እንዶድ በወንዞቹ ላይ ተሞከረ። ውጤቱን ለመለካት ሁሉንም ነዋሪ አንድ ላይ ደምሮ ማየት ይቻል ነበር፤ ታይቷልም፤ ስርጭቱ በግማሽ ገደማ ወርዷል። ግን ልብ የተባለው ሕፃናቱ ላይ ነው። ከአንድ እስከ ስድስት ዓመት ያሉት ልጆች ላይ በሽታው ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ።

ለምን ሕፃናት? ትሉ ሰው ውስጥ ለዓመታት ይኖራል። አዋቂው ዛሬ ቢመረመር የሚገኝበት በሽታ ምናልባት ከአምስት ዓመት በፊት የገባበት ነው፤ ውሃው ዛሬ ንጹሕ ቢሆንም እሱ አሁንም ታማሚ ሆኖ ይቆጠራል። ሙከራው ከተጀመረ በኋላ የተወለደ ሕፃን ግን የድሮ ዕዳ የለበትም። እሱ ላይ ትል ከተገኘ ዛሬ ነው የገባበት። ካልተገኘ ውሃው ተለውጧል ማለት ነው። አድዋ ላይ የተጠየቀው «ስንት ኪሎ እንዶድ አፈሰስን?» ሳይሆን «አዲስ የሚያዝ አለ?» የሚለው ነው። ጥያቄው ሌላ ስለሆነ የሚቆጠረውም ሰው ሌላ ሆነ።

የሰጠኸውን መቁጠር ቀላል ነው፤ እጅህ ላይ ነበረና። የተቀባዩን ሕይወት መቁጠር ግን ተመልሶ መሄድን ይጠይቃል፤ ከዓመት በኋላ፣ ከአምስት ዓመት በኋላ፣ ያንኑ በር ማንኳኳት። ግብፅ ተመልሳ ያንኳኳችው በኋላ ነው፤ ግን አንኳኳች። ከ2018 እስከ 2019 ባሉ ጥቂት ወራት ወደ 50 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ለሄፓታይተስ ሲ መረመረች፤ የተገኘባቸውንም በክኒን በነፃ አከመች። በ2023 የዓለም ጤና ድርጅት በሽታውን ለማጥፋት በሚወስደው መንገድ የወርቅ ደረጃ የሰጣት የመጀመሪያዋ አገር ሆነች። በመርፌ የገባው በቆጠራ ወጣ ብል ማጋነን አይሆንብኝም፤ ጉበታቸው አልቆ የሞቱት ግን አይመለሱም።

*

እኛ ጋ አገር አቀፉ የትምህርት ቤት የመድኃኒት እደላ ከ2015 ወዲህ በሰፊው ተጀምሯል። ብዙ ሚሊዮን ልጆች ውጠዋል፤ መድኃኒቱ ከመርፌው ጋር የማይወዳደር፣ ደህንነቱ የተፈተነ ነው። ልጅ ያለው አንባቢ ይህን አንብቦ ልጁን ከሰልፍ እንዳያስቀር አደራ እላለሁ፤ እኔም የእህቴን ልጆች ራሴ ይዣቸው ሄጃለሁ። የምናገረው ስለ ክኒኑ አይደለም። ስለ ወረቀቱ ነው።

የእኔ ወረቀት ዛሬ የት እንዳለ አላውቅም። ምናልባት በአንድ መጋዘን ውስጥ ምስጥ በልቶታል፤ ምናልባት ወደ ኮምፒዩተር ገብቶ በወረዳው ድምር ውስጥ ይኖራል። ከኖረ፣ ከሠላሳ ዓመት በኋላ አንድ ተመራማሪ አውጥቶት «በዚያ ዓመት እዚህ ቦታ እነማን መድኃኒት አገኙ?» ብሎ ቢጠይቀው የሚመልስለት ውሸት ነው። ተማሪዎቹ ብቻ ይለዋል። ውሃው ውስጥ የሚውሉት እረኞች አላገኙም ይለዋል። ለካ ያኔ ያወጣኋቸው መዝገቡ ከነበሩት ሁሉ በላይ ሊያውቃቸው የሚገባውን ልጆች ነው።

አለቃዬን አልወቅስም፤ እሱንም ከበላይ የሚጠብቀው ነበር። መደረግ የነበረበት ቀላል ነው፤ ከዚያ በኋላ በሠራሁባቸው ዘመቻዎች ሁሉ ያደረግኩትም እሱን ነው። ወረቀቱ ላይ በእጄ አንድ ዓምድ እጨምራለሁ፤ «ከመዝገብ ውጭ» የሚል። የዋጠው ሁሉ ይጻፋል፤ ከየት እንደመጣም ይጻፋል። ሽፋኑ ከመቶ ከበለጠ እንዲሁ ይላካል። ሁለት ጊዜ ተመልሶልኛል፤ ሁለት ጊዜም መልሼ ልኬዋለሁ።

ያ ልጅ ሁለት ክኒን ነበር የዋጠው። ዘንጉ አጠገብ ሲቆም ዱላውን መሬት ላይ አላኖረም፤ ከራሱ በላይ ከፍ አድርጎ ያዘው፣ ረዘም ብሎ ለመታየት። አናቱን ጫን አድርጌ ነበር የለካሁት። መራራውን ሲውጥ ፊቱን አጨማደደ፣ ከዚያ ሳቀ፣ ከዚያ ወደ ከብቶቹ ሮጠ። ይህን በደንብ አስታውሳለሁ። በወረቀቱ ላይ ግን አልዋጠም።